የባሮክ መንፈሳዊ ሥዕሎች ምልክታቸውን የት ደበቁት?

ሮም ውስጥ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ የሚባል የፈረንሳዮች ቤተ ክርስቲያን አለ። በግራ በኩል መጨረሻ ላይ ባለችው ጠባብ የጸሎት ክፍል፣ ስፋቱ ወደ ሦስት ሜትር ተኩል የሚጠጋ ሥዕል ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ሁለቱ ባርኔጣቸው ላይ ላባ የሰኩ ጎረምሶች ናቸው። አንድ ሽማግሌ መነጽሩን ይዞ ሳንቲሞቹ ላይ አፍጥጧል። ሌላው አንገቱን ደፍቶ ይቆጥራል። መሃል ያለው ጺማም ሰውዬ “እኔን ነው?” የሚል ይመስል ጣቱን ቀስሯል። በቀኝ በኩል ሁለት ባዶ እግር ሰዎች ገብተዋል፤ አንደኛው እጁን ዘርግቷል።

ይኸው ነው። መልአክ የለም። የተከፈተ ሰማይ የለም። ወርቅ የለም። እጁን የዘረጋው ኢየሱስ ክርስቶስ መሆኑን የምትናገረው ከራሱ በላይ ያለች ክር የምታህል የብርሃን መስመር ናት። እሷንም ልብ ሳይል የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው።

ሥዕሉ የማቴዎስን መጠራት ያሳያል። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ካራቫጆ በ1599 እና በ1600 መካከል ነው የሣለው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ባሮክ የምንለው የሥነ ጥበብ ዘመን በጣሊያን የተጀመረውም በዚያው ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲያ ከመቶ ዓመት በላይ አውሮፓን ገዝቷል።

ስለዚህ ዘመን ሥዕል ሲወራ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ተለያይቶ ይወራል። በአንድ ወገን ስሜቱ አለ፦ እንባ፣ ደም፣ ወደ ሰማይ የተንጋጠጠ ዓይን። በሌላ ወገን ምልክቱ አለ፦ የራስ ቅል ሞት ነው፣ ነጭ አበባ ድንግልና ነው፣ ቁልፍ የያዘው ጴጥሮስ ነው እየተባለ ይዘረዘራል። እኔ እንደሚመስለኝ ሥዕሎቹን የሚያደበዝዛቸው ይኸው አከፋፈል ነው። የዘመኑ ጎበዝ ሠዓልያን ምልክቱን የቀበሩት ስሜቱ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ልብህን ይይዙታል። የያዘህ ነገር ትርጉም እንደነበረው የምታውቀው ቆይተህ ነው።

በሥዕል ላይ የተነሣው ጠብ ከየት መጣ?

ጀርመናዊው መነኩሴ ማርቲን ሉተር በ1517 በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ላይ የተቃውሞ ሐሳቦቹን ካወጣ በኋላ ምዕራብ አውሮፓ በሃይማኖት ተሰነጠቀ። ከተሐድሶው ወገን በተለይ የካልቪን ተከታዮች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥዕል መስቀልን ከጣዖት አምልኮ ቆጠሩት። በ1566 ዛሬ ቤልጂየምና ኔዘርላንድስ በምንላቸው አገሮች ሰው በቡድን እየሆነ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ገባና ሥዕልና ሐውልት ሰባበረ።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ ከ1545 እስከ 1563 በትሬንት ከተማ ትልቅ ጉባኤ ስታካሂድ ቆይታለች። በመጨረሻው ስብሰባ፣ በታኅሣሥ 1563፣ የሥዕል ጉዳይ ተነሣ። ውሳኔው ሥዕል ይኑር የሚል ነበር። ክብሩ የሚሰጠው ለቀለሙና ለእንጨቱ ሳይሆን ለተሣለው ቅዱስ ነው ተባለ። ሕዝቡም በሥዕል ይማር። ነገር ግን ጨዋነት የጎደለው ወይም ጳጳሱ ያልፈቀደው እንግዳ ነገር አይግባ።

ድንጋጌው አጭር ነው። እንዴት እንደሚሣል አልተነተነም። ክፍተቱን የሞሉት ሌሎች ናቸው። የቦሎኛው ካርዲናል ጋብርኤሌ ፓሌዮቲ በ1582 ባሳተመው ጽሑፍ የሠዓሊን ሥራ ከጥሩ ተናጋሪ ሥራ ጋር አቆራኘው፦ ደስ ያሰኝ፣ ያስተምር፣ ልብ ያንቀሳቅስ። ጀስዊቶች የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር መሥራች ኢግናጥዮስ ሎዮላ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1548 በታተመው የጸሎት መመሪያው፣ ምእመኑ የወንጌሉን ታሪክ በአምስቱም የስሜት ሕዋሳቱ እንዲያስበው አዝዟል። ከናዝሬት ወደ ቤተልሔም የሚወስደው መንገድ ምን ያህል ይረዝማል? ሜዳ ነው ወይስ ተራራ? ዋሻው ጠባብ ነው ሰፊ? ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው ከፍ ያለ? እንዲህ መጸለይ የለመደ ሰው ሥዕል ፊት ሲቆምም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እዚያው ቦታው ላይ መገኘት ይፈልጋል።

ቁጥጥሩም ቀልድ አልነበረም። በ1573 ቬኒስ ውስጥ ፓውሎ ቬሮኔዜ የመጨረሻውን እራት ሲሥል ውሻ፣ ድንክ፣ ቀልደኛና የጀርመን ወታደር ጨመረበትና የሃይማኖት መርማሪዎች ፊት ቀረበ። በሦስት ወር ውስጥ አስተካክል ተባለ። እሱ ሥዕሉን እንዳለ ተወውና ርዕሱን ቀየረው፦ “በሌዊ ቤት የተደረገ ግብዣ”። ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ። ብልጥ ሰው ነበር።

ብርሃኑና እጁ

አሁን የቀራጮቹን ጠረጴዛ እንደገና እንየው። ክፍሉ ውስጥ መስኮት አለ፤ ብርሃን የሚገባው ግን በእሱ አይደለም። ብርሃኑ የሚመጣው ከክርስቶስ በላይ፣ ከማናየው ቦታ ነው። ግድግዳውን ሰያፍ ቆርጦ፣ የተዘረጋውን እጅ ተከትሎ ፊቶቹ ላይ ያርፋል። የጸሎት ክፍሏ እውነተኛ መስኮትም ያለው በዚያው አቅጣጫ ነው። ስለዚህ በሥዕሉ ውስጥ ያሉትና ፊቱ የቆመው ተመልካች ብርሃን የሚያገኙት ከአንድ ወገን ነው። ጨለም ያለው መስኮትም ሥራ አልፈታም። የእንጨቱ ፍሬም ከክርስቶስ እጅ በላይ መስቀል ሠርቶ ቆሟል።

እጁን ልብ ብሎ ያየ ሰው የሆነ ቦታ የሚያውቀው ይመስለዋል። እውነትም ያውቀዋል። ሚኬላንጄሎ በሲስቲና ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ የሣለው የአዳም እጅ ነው፤ ያው የላላ አንጓ፣ ያው የወደቀ ጣት። ሐዋርያው ጳውሎስ ክርስቶስን ኋለኛው አዳም ይለዋል። ካራቫጆ ያንን ትምህርት በአንድ እጅ ተናገረው። ይህን የማያውቅ ሰውም ቢሆን እጁ እንደማያስገድድ፣ ግን እምቢ እንደማይባል ይሰማዋል።

ከክርስቶስ ፊት የቆመው ጴጥሮስ በኋላ የተጨመረ ነው። በኤክስሬይ ሲታይ መጀመሪያ አልነበረም። አሁን አብዛኛውን የክርስቶስን አካል ሸፍኖ የጌታውን የእጅ ምልክት ፈራ ተባ እያለ ይደግማል። የተለመደው ንባብ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚል ነው፤ ጥሪው በእሷ በኩል ያልፋል። ፕሮቴስታንቶች “በእኔና በክርስቶስ መካከል ማንም አይቁም” በሚሉበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ልብሱንም ተመልከቱ። ቀራጮቹ የለበሱት በ1600 ሮም ከተማ ውስጥ የነበረ ፋሽን ነው። ክርስቶስና ጴጥሮስ ግን የጥንቱን ልብስ ነው የለበሱት። የሁለት ዘመን ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኝተዋል።

ማቴዎስ የትኛው ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። አንዳንዶች ጺማሙ ሰውዬ ጣቱን የቀሰረው ወደ ራሱ ሳይሆን አጠገቡ አቀርቅሮ ወደሚቆጥረው ወጣት ነው ይላሉ። እኔ ከጺማሙ ጋር ነኝ። በዚያችው ክፍል ባሉት ሌሎች ሁለት የካራቫጆ ሥዕሎች ማቴዎስ ጺማም ነውና። ደግሞ ያ የድንጋጤ ፊት ለሌላ ሰው ጠቋሚ እንዲሆን ተሣለ ብሎ ማመን ይከብደኛል።

እመቤታችን ሞተች፣ መላእክቱስ?

ከካራቫጆ ሥራዎች መካከል ይበልጥ ያወዛገበው ግን ሌላ ነው። በ1601 ላኤርዚዮ ኬሩቢኒ የተባለ የሕግ ሰው፣ ትራስቴቬሬ በሚባለው የሮም ሰፈር ላለችው ሳንታ ማሪያ ዴላ ስካላ ቤተ ክርስቲያን የድንግል ማርያምን ሞት የሚያሳይ ሥዕል አዘዘው። ቤተ ክርስቲያኗ የቀርሜሎሳውያን መነኮሳት ነበረች።

ፍልሰታን ለሚጾም አንባቢ የእመቤታችን ዕረፍት ታሪክ አዲስ አይደለም። በድሮው አሣሣል፣ በምሥራቅም ሆነ በምዕራብ፣ ሐዋርያት አልጋውን ይከባሉ፤ ክርስቶስ ራሱ መጥቶ ነፍሷን እንደ ሕፃን ይታቀፋል፤ መላእክት ይወርዳሉ። ካራቫጆ ይህን ሁሉ አስቀረው። ክርስቶስ የለም። መላእክት የሉም። አንዲት ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት አጭር አልጋ ላይ ተጋድማለች። ሆዷ ተነፍቷል። እግሮቿ ባዶ ናቸው፤ ከአልጋው ጫፍ ወጥተው ደርቀዋል። አንድ እጇ ወደ ጎን ተንጠልጥሏል። ሐዋርያቱ ራሰ በራ ሽማግሌዎች ናቸው። አንዱ ዓይኑን በጡጫው ያብሳል። ከፊት መግደላዊት ማርያም ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጉልበቷ ላይ ተደፍታለች። ፊቷ አይታይም፤ የሚታየው ማጅራቷ ነው።

እግሯ ሥር የመዳብ ሳህን አለ።

ይህ ሳህን ምንድን ነው? አስከሬን የሚታጠብበት ዕቃ ነው፤ ሐዘን ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን በምዕራቡ ሥዕል መግደላዊት ማርያም የምትታወቀው በሽቶ ብልቃጧ ነው። እዚህ ብልቃጡ የለም። እንደ እኔ ንባብ ሳህኑ የቆመው በብልቃጡ ቦታ ነው። የክርስቶስን ሥጋ ልትቀባ ወደ መቃብር የሄደችው ሴት አሁን የእናቱን ሥጋ ልታጥብ ተቀምጣለች። ካራቫጆ ይህን አልጻፈውም፤ ሳህኑን አስቀምጦ ሄደ።

ከላይ ደግሞ ትልቅ ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። የሥዕሉን ሲሶ ያህል ይይዛል። የድሃ ቤት ጣሪያ ሥር እንዲህ ያለ ጨርቅ ምን ይሠራል? የንግሥት አልጋ መጋረጃ ነው የሚል አለ። የቴአትር መጋረጃ ነው የሚልም አለ። ሁለቱም ያስኬዳል። ዋናው ነገር ቀዩ ወደ ቀሚሷ መውረዱ ነው። ዓይንህ ከጨርቁ ወደ እሷ ይወርዳል፤ በእሷ ራስ ዙሪያ ያለችውን ቀጭን የብርሃን ቀለበት የምታገኛት ያኔ ነው። ሌላ የክብር ምልክት የለም። ሰማዩ ሳይከፈት ክብሯ አለ።

መነኮሳቱ ሥዕሉን አልተቀበሉትም። ከዘመኑ ጸሐፊዎች አንዱ ሞዴሏ ዝሙተኛ ሴት ስለነበረች ነው ይላል። ሌላው ያበጠ ሰውነቷንና የተራቆተ እግሯን ምክንያት ያደርጋል። የተተካው የካርሎ ሳራቼኒ ሥራ ነው። የእሱም የመጀመሪያ ሙከራ አላጠገባቸውም፤ ከላይ መላእክት ሲጨምርበት ነው የወሰዱት። ይህ ብዙ ይናገራል። ሁሉም ስሜት ይፈልግ ነበር፤ ግን ስሜቱን የሚያጽናና ነገር ከላይ እንዲወርድላቸው የሚፈልጉ ነበሩ።

የተጣለውን ሥዕል ማን አነሣው? ወጣቱ የፍላንደርስ ሠዓሊ ፒተር ፓውል ሩበንስ። ጌታው የማንቱዋ መስፍን እንዲገዛው አሳመነ። በ1607 ከሮም ከመውጣቱ በፊት የከተማው ሠዓልያን እንዲያዩት ለአንድ ሳምንት ለእይታ ቀረበ። ከዚያ በኋላ እንግሊዙ ቀዳማዊ ቻርልስ ገዛው። ንጉሡ አንገቱ ከተቆረጠ በኋላ ተሸጠና በመጨረሻ ፈረንሳይ ገባ። ዛሬ ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ነው።

የተሸካሚዎች ሥዕል

ሩበንስ ራሱ ከካራቫጆ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ድምቀት ይወዳል፤ ሥጋ ይወዳል፤ ሰው ያበዛል። ግን ያው ዘዴ እሱም ዘንድ አለ። በአንትወርፕ ካቴድራል ያለውን የክርስቶስን ከመስቀል መውረድ (ከ1612 እስከ 1614) እንውሰድ።

ያዘዘው የከተማው ጠመንጃ ያዦች ማኅበር ነው። የማኅበሩ ጠባቂ ቅዱስ ክሪስቶፈር ነበር፤ ሕፃኑን ክርስቶስ ትከሻው ላይ አድርጎ ወንዝ ያሻገረው። ችግሩ ከትሬንት ወዲህ በመሠዊያ ላይ ዋናውን ቦታ የሚይዘው ክርስቶስ እንዲሆን ይፈለግ ነበር። የክሪስቶፈር ታሪክ ደግሞ አፈ ታሪክ ነው እየተባለ መጠርጠር ጀምሯል። ሩበንስ ምን አደረገ? ስሙን ሥዕል አደረገው፤ ክሪስቶፈር ማለት ክርስቶስን የተሸከመ ነውና። በግራው ክንፍ ማርያም ክርስቶስን በማኅፀኗ ተሸክማ ኤልሳቤጥን ትጎበኛለች። በቀኙ ስምዖን ሕፃኑን በክንዱ ታቅፏል። መሃል ላይ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ተረባርቦ ሬሳውን ያወርዳል። ቅዱሱ ራሱ የሚታየው ክንፎቹ ሲዘጉ፣ ከውጭ ነው።

ይህን ሳታውቅ መሃለኛውን ስታይ ግን የሚይዝህ ክብደቱ ነው። ሬሳ ይከብዳል። ከላይ ያለው ሰው ሁለት እጁ አልበቃ ብሎት ነጩን ጨርቅ በጥርሱ ነክሷል። የክርስቶስ እግር መግደላዊት ትከሻ ላይ አርፏል፤ በምዕራቡ ትውፊት ያንን እግር በእንባዋ ያጠበችው እሷ ናት። ከታች በሳህን ውስጥ የእሾህ አክሊሉ ተቀምጧል። ሥዕሉ የተሠራው ለመሠዊያ ነው። ነጩ ጨርቅ ሥጋውን ይዞ በሰያፍ ይወርዳል፤ ከሥሩ ካህኑ ቅዱስ ቁርባን ያነሣል። ፕሮቴስታንቶች የካዱትን የቁርባን ትምህርት ሩበንስ በክርክር አልመለሰም፤ ሥጋውን ካህኑ እጅ ላይ ሊደርስ ትንሽ እስኪቀረው አወረደው።

እንባ፣ ሻማ፣ በግ

በዚህ ዘመን የሚያለቅስ ጴጥሮስና ንስሓ የገባች መግደላዊት ለምን በዙ? ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተሐድሶው ወገኖች በካህን ፊት የሚደረገውን ንስሓ ካቶሊኮች እንደሚረዱት አልተቀበሉትም። ካቶሊኮች ደግሞ ከቅዱሳኑ መካከል የታወቁትን ሁለት አልቃሾች አቀረቡ። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ጊዶ ሬኒ ወደ ላይ በተንጋጠጠ ዓይን ታወቀ። ጎበዝ ነው፤ ቢሆንም ደጋግሞ ሲያንጋጥጣቸው ይሰለቸኛል። ተከታዮቹ እጅ ሲገባማ የተቀባ እንባ ብቻ ቀረ።

የፈረንሳዩ ዦርዥ ደ ላ ቱር በ1640 አካባቢ የሣላት፣ ዛሬ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለችው መግደላዊት አታለቅስም። ፊቷን ከእኛ አዙራለች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ ባለ የራስ ቅል ላይ አጣጥፋለች። ጌጧ ወለል ላይ ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ ያለው መስታወት የሚያሳየው ፊቷን ሳይሆን ሻማውን ነው። መስታወት የከንቱነት ምልክት መሆኑን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም። መልኳን የምታይበት ዕቃ አሁን የሚያሳያት ቀልጦ የሚያልቅ ሻማ ነው።

የስፔኑ ፍራንሲስኮ ደ ዙርባራን ከዚህም ባሰ ቆጠበ። ፕራዶ ሙዚየም ያለው በጉ (ከ1635 እስከ 1640 ባለው ጊዜ የተሣለ) አራት እግሩ ታስሮ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ከጀርባው ጨለማ ነው። ሌላ ምንም የለም። ለፋሲካ በግ ገዝቶ ያመጣ ቤተሰብ ይህን አስተኛኘት ያውቀዋል። ፀጉሩ እየተቆጠረ ነው የተሣለው፤ እጅህን ብትሰድ የሚሞቅ ይመስላል። “የእግዚአብሔር በግ” የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ሰምተን በግ መሆኑን ረስተን ይሆን?

የሬምብራንት መንገድ

ሆላንድ ውስጥ ነገሩ ይለያል። የተሐድሶው አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳቸው ባዶ ነው። መጽሐፍ ቅዱሳዊ ሥዕል የሚሰቀለው ሰው ቤት ውስጥ ነው። ሬምብራንት ገና ሃያ ዓመት ገደማ ሳለ፣ በ1626፣ ከሣላቸው ቀደምት ሥራዎቹ አንዱ ለእኛ ቅርብ ነው፦ ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ሲያጠምቀው። ሥዕሉ ኡትሬክት ከተማ፣ ካታሪነኮንቨንት ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ጃንደረባው ባለ ሠረገላ ባለ አጃቢ ነው፤ ግን ተንበርክኳል። የሬምብራንት ምልክት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ የሰውነት ዝቅ ማለት።

በሕይወቱ መጨረሻ አካባቢ የሣለው የጠፋው ልጅ መመለስም (ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ ያለው) በዚሁ መንገድ ነው የተሠራ። ልጁ ራሱን ተላጭቷል። ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ አባቱ ደረት ላይ ተደፍቷል። አንዱ ጫማ ከእግሩ ወልቋል፤ ተረከዙ ቆሽሿል። ወንጌሉን የሚያውቅ ሰው አባትየው ቀጥሎ “ለእግሩም ጫማ ስጡ” እንደሚል ያስታውሳል። ያ ያለቀ ጫማ ገና ያልተነገረውን ቃል ቀድሞ ይዟል። የአባትየው ሁለት እጆች ስለሚለያዩ አንዱ የአባት፣ ሌላው የእናት እጅ ነው የሚል ንባብ በጣም ተወዷል። ለስብከት ይመቻል። እኔ ግን ብዙም አላምንበትም። የካልሲ ጥለት እንኳ የምልክት ዝርዝር ውስጥ እስኪገባ ድረስ መሄድ ይቻላልና። ሽማግሌው ልጁን የሚያየው በዓይኑ ሳይሆን በመዳፉ መሆኑ ለእኔ ይበቃኛል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጀስዊቶቹ እኛም አገር ነበሩ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጹ፤ ልጃቸው ፋሲል ነገሡና ሚሲዮናውያኑን አስወጡ። ያመጧቸው ሥዕሎች ግን ቀሩ። ሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችው የጥንቷ የማርያም ሥዕል ቅጂ የኛ ሠዓልያን ደጋግመው ከሣሏቸው የእመቤታችን ሥዕሎች አንዱ ዓይነት ሆነች። በ1590ና 91 ሮም ላይ የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎችም ለጎንደር ዘመን ወንጌሎች ምሳሌ ሆነዋል። ሠዓልያኑ አቀማመጡንና ልብሱን ተቀበሉ። ኋላ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ፊትን በቀለም ማድመቅና ማደብዘዝም ገባ። ከአንድ መስኮት ገብቶ ግማሹን ሰው ጨለማ ውስጥ የሚተወው ብርሃን ግን አልተወሰደም። በኛ አሣሣል ቅዱሱ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይቆማል፤ በጎን የሚሣለውና አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ክፉው ነው። በዚህ ሕግ ቢፈረድ ካራቫጆ ጠረጴዛው ዙሪያ ካስቀመጣቸው ሰዎች ገሚሱ ገሃነም በገባ ነበር።